መንታ ያረገዘችው ቀሰም

ሚስከር የጥርስ ብሩሹን ጫፍ ዘይት አስነካችና በጨርቅ ጠረግ አድርጋ አርባ ሦስተኛውን ቀሰም አነሳች። ከአጥንት የተሠራ ነው። ከመሐል ጣቷ ትንሽ ይረዝማል፤ አንገቱ ላይ ክር የሚጠመጠምበት ቀጭን ቦታ አለው፤ ከግርጌው በሽቦ ቀለበት የተሰኩ ሰባት ዶቃዎች ተንጠልጥለዋል። ዶቃዎቹ ገና ትኩስ ሳሉ በአንድ ነገር የተጫኑ ይመስል ጎናቸው ጠፍጥፏል። ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ መሐል ላይ የገባውን የወታደር ኮት ቁልፍ በየተራ አሸችና ቀሰሙን በመስኮቱ ወደሚገባው ብርሃን አዘንብላ አየችው። ከአንገቱ እስከ ግርጌው በነጠብጣብ የተቀረጸ ጽሑፍ ይዞራል። ማዳም ኢብቲሳም አንድ ቀን አንብባላት ነበር፤ «ጄን» ይላል፣ የሴት ስም ነው፣ የሚከተለው ዓመተ ምሕረት ነው። ጄን የሠራችው ትሁን ወይስ የተሠራላት ማዳምም አታውቅም። ሚስከር ግን ይህን ቀሰም ባነሳች ቁጥር ስለ ጄን አንድ አዲስ ጥያቄ ይመጣባታል። የዛሬው ጥያቄ ጄን ግራኝ ነበረች ወይ የሚል ነው፤ አጥንቱ በመነካት ብዛት የለሰለሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ነውና።

ቀሰም የምትላቸው እሷ ናት። ማዳም በእንግሊዝኛ ስማቸው ነው የምትጠራቸው። ሚስከር የሸማኔ ልጅ ናት፤ አገሯ ቃሉ ውስጥ አባቷ ሲሸምን ማጉ የሚጠቀለልበትን የመቃ ቀሰም እየሞላች የምታቀብለው እሷ ነበረች። እነዚህም የድሮ ዳንቴል ሠሪ ሴቶች ክር የሚጠቀልሉባቸው ናቸው። ልዩነቱ የአባቷ ቀሰም ሲሰነጠቅ እሳት ውስጥ ይጣላል፣ ከነዚህ አንዱ ግን ሰባት መቶ ሪያል ያወጣል። ማዳም ባሏ እንግሊዝ አገር ይማር በነበረበት ዘመን ሁለቱን ከእሑድ ገበያ ገዝታ ነበር። ከርእሰ መምህርነቷ ጡረታ ከወጣች ወዲህ በስልኳ ጨረታ እየተጫረተች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አድርሳቸዋለች። ጅዳ፣ ኦብሑር ባለው ቪላ፣ ባሕሩ በሚታይበት ክፍል፣ ባለ ስድስት መሳቢያ የእንጨት ሣጥን ውስጥ በአረንጓዴ ከፈይ ላይ ተደርድረዋል። ዶቃው ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቀሰሙ እንዳይንከባለልና ክሩ እንዳይላላ የሚይዝ ክብደት እንደሆነ ማዳም የነገረቻት ቀን ሚስከር በጣም ነበር የገረማት። ሴቶቹ ግን ክብደት ብቻ አድርገው አልተዉትም፤ ዛጎል፣ የተበሳ ሳንቲም፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ ሰክተውበታል። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው መሳቢያ ያለውን በየወሩ የምታጸዳው ሚስከር ናት። የላይኛውን የምትከፍተው ማዳም ራሷ ናት።

አርባ ሦስተኛውን ወደ ቦታው ስትመልስ የማዳም ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ። መካ ካለችው እህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነው። ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ የአስተማሪ ድምፅ ግን ዝቅ ቢልም ይሰማል። በሆዷ ውስጥ የነበረው ልጅ የለም ትላለች። ትናንት ማታ ፎቶ ላነሳት ስል አየሁ፤ አንደኛው አለ፣ ሁለተኛው የለም። ከነዚያ ሁሉ ቀሰሞች እሷን ነበር የምወዳት። ከሚስከር በቀር ማን ይነካቸዋል? እህቷን አዳመጠችና ረጋ ብላ ቀጠለች።

«አልጠይቃትም። እስከ ነገ ጠዋት እጠብቃለሁ። መሳቢያው ውስጥ ተመልሶ ካገኘሁት፣ የወሰደችው እሷ ናት ማለት ነው። ካልተመለሰም ሸጣዋለች ማለት ነው። ነገ መክተብ እደውላለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ሚስከር ብሩሹን እንደያዘች ቆመች። ሁለቱን መንገዶች በሐሳቧ ሄደችባቸው፤ ሁለቱም የሚያደርሱት አንድ በር ላይ ነው። መክተቡ እሷን ከአገሯ ያስመጣት ቢሮ ነው። ማዳም ሌባ ናት ብላ ከመለሰቻት የመውጫ ቪዛው፣ ኹሩጁ፣ ተመትቶላት በሳምንት ውስጥ አውሮፕላን ላይ ትሆናለች። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ። እዚህ ቤት ያስገባቻት አክስቷ ሳሊማ ናት። ሳሊማ የማዳምን እናት መካ ውስጥ እስክትሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት አስታማለች፤ ሚስከርን የተቀበሏት በእሷ አማና፣ በእሷ አደራ ነው። ሌባ የሚለው ስም ሁለቱንም ይዞ ነው የሚወድቀው።

ይህን እያሰበች ግን ሌላ ጥያቄ ይቆረቁራት ጀመር። የምን ልጅ? ቀሰም ልጅ በሆዱ እንዴት ይይዛል? የላይኛውን መሳቢያ መክፈት አሁን ከሁሉ የከፋ ነገር እንደሆነ ታውቃለች። የማዳም ነጠላ ጫማ ወደ ማእድ ቤት ሲርቅ ሰማችና ከፈተችው። መሐል ላይ ወፈር ያለች የአጥንት ቀሰም ተኝታለች። ሆዷ ተቦርቡሮ እንደ ፋኖስ መስኮት መስኮት የሆኑ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል በአራት ቀጫጭን ዓምዶች ብቻ ተያይዟል። በላይኛው ክፍል አንዲት ትንሽዬ ቀሰም አለች። ከሩዝ ፍሬ ብዙ አትበልጥም፤ አንገት አላት፣ ጭንቅላት አላት፣ ብትነቀንቃት ትንኳኳለች፣ መውጣት ግን አትችልም። የታችኛው ክፍል ባዶ ነው። ሚስከር ሠሪው እንዴት እንዳስገባት ለማወቅ ጎንበስ አለች። ያኔ ነው ከባዶው ክፍል ዓምዶች አንዱ ከሥሩ መሰንጠቁን ያየችው፤ በጥፍር ቢነካ ገለል የሚል ስንጥቅ። ከዚያ የቀረችውን ልጅ እንደገና አየቻት። የዚችን እህት በእጇ ይዛታለች።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማታ የማዳም ጓደኞችና ልጆቿ መጥተው ቀሰሞቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ነበር ያመሹት። የልጅ ልጇ ሪታጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሚነቃነቅ የፊት ጥርሷን ለሁሉም ስታሳይ አመሸች። ሊሄዱ ሲሉ ጥርሱ የለም፤ የት እንደወደቀም አልታወቀም፤ እያለቀሰች ሄደች። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሚስከር ምንጣፉን ስትጠርግ ከሣጥኑ እግር ሥር አቧራ የለበሰች ትንሽ አጥንት አገኘች፤ የልጅቱ ጥርስ ናት አለች። የልጅ ጥርስ ደግሞ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። ጣራ ላይ ይወረወራል፣ ቁራ ይወስደውና አዲስ ያመጣል፤ ቆሻሻ ውስጥ ከገባ የሚበቅለው ተወላግዶ ነው። የቪላው ጣራ ሁለት ፎቅ ነው፣ የእሷ ክንድ አያደርሰውም። ስለዚህ በመሐረብ ቋጥራ ያን ቀን ወደ መካ ስትሄድ ለአክስቷ ሰጠቻት፤ የአክስቷ ጣራ ዝቅ ያለ ነው፣ አገሩም የተቀደሰው የሐረም አገር ነው፣ ለልጅቱ በረካ ይሆናታል። መኪናው እየጠበቃት ስለነበረ ሲወረወር እንኳ አላየችም። ለማዳምም አልነገረቻትም፤ ለሰው ልጅ የተደረገ መልካም ነገር ይወራል እንዴ ብላ።

ማዳም ኢብቲሳም በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ሚስከርን ዑተይቢያ ሰፈር አክስቷ ጋ አውርዳ ከመግሪብ ስግደት በኋላ ትወስዳታለች። ሾፌሩ ከቢር የባንግላዲሽ ሰው ነው፤ በተሰባበረ ዐረብኛው ስለ መንገዱ ሁሉ አስተያየት አያጣም። ዛሬ ግን የማዳምን ፊት በመስታወቱ አይቶ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። ቡናማዎቹ ኮረብታዎች በመስኮቱ አለፉ። ሚስከር ከኋላ ተቀምጣ የማዳምን የጥቁር ዓባያ ትከሻ እያየች አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር አለች። ምን ትላለች? ጥርስ መስሎኝ ለቁራ ሰጠሁት? አጥንቷ በእጇ ሳትኖር ይህ የሚታመን ነገር አይደለም። ግማሽ መንገድ ላይ ማዳም ዞር ሳትል የኤሲው ቅዝቃዜ በዝቶብሽ ከሆነ ከቢር ይቀንስልሽ አለቻት። ሚስከር ከጠዋቱ ንግግር ይልቅ ይህ ነው የከበዳት።

ሳሊማና ባሏ ኢድሪስ የሚኖሩት በአቀበቱ ላይ ባለ አሮጌ ቤት፣ በወር ስድስት መቶ ሪያል በሚከፈልበት አንድ ክፍል ነው። ፍሪጁ ከአልጋው ራስጌ ቆሟል። ፍራሾቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈዋል። በሩ ላይ ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ማእድ ቤት አለች፤ ሰው እጁን ቢዘረጋ ጣራዋን ይነካል። ኢድሪስ በሳምንቱ ቀናት አደባባይ ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠብቅ፣ ዓርብ ዓርብ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚተኛ ሰው ነው። ሳሊማ ሚስከርን በሩ ላይ ሳመቻትና ትከሻዋን እንደያዘች ዓይኖቿን አንድ በአንድ አየች። እንቅልፍ ደህና ይወስድሻል ወይ አለቻት። ሕልም ታያለሽ ወይ፣ እባብ ነገር፣ ጉድጓድ ነገር። ሚስከር ደህና ነኝ አለች። ሳምንቱን ሙሉ አክስቷ እንዳልደወለችላት ያኔ ትዝ አላት። ሳሊማ ሻይ ቀድታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ብርጭቆውን ማዞር ጀመረች።

«አክስቴ፣ ያቺን ጥርስ ወረወርሻት?» አለች ሚስከር።

«ተወርውራለች።»

«የት ጋ?»

«ጣራ ላይ ነዋ። ጥርስ ሌላ የት ይወረወራል?»

ኢድሪስ ዓይኑን ሳይገልጥ ሳቀ። «ወላሂ ዘንድሮስ ማዳሞቹ የጥርስ ደረሰኝ መጠየቅ ጀምረዋል» አለ። ሚስከር ግን አልሳቀችም። ጠዋት የሰማችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ ስለ መንታዎቹ፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ መክተቡ፣ ሁለቱም መንገዶች አንድ በር ላይ ስለማድረሳቸው። ኢድሪስ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወጥቶ የማእድ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ወጣ። የሚያገኘውን ሁሉ ከላይ እየጮኸ ይነግራት ጀመር። የደረቀ ዳቦ አለ። የእርግብ ላባ አለ። የግራ እግር የልጅ ጫማ አለ፣ እሱን ማን ነው የጠየቀው? አጥንት ግን የለም። ሳሊማ ሻይዋን ሳትቀምስ አንገቷን ደፍታ ቆርቆሮው በባሏ ክብደት ሲንቋቋ ታዳምጣለች። ሚስከር ልትወጣና ልታግዘው ስትነሣ አክስቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ውረድ በይው» አለች። «ጣራ ላይ የለችም። ጥርስ አይደለችም። የሰጠሽኝ ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ጥርስ አንገት የለውም።»

ከፍሪጁ ጀርባ ክዳኑ በፌስታል የታሰረ፣ የወይራ ፍሬ የነበረበት ማሰሮ አወጣች። በውስጡ የደፈረሰ ውኃ፣ የቁርቁራ ቅጠል፣ ከሥሩ ጨው። ቀስ እያለች ተናገረች። አጥንት ተቆርጦ፣ አንገትና ጭንቅላት ወጥቶለት ስታይ ድግምት ነው ብላለች። ወይ የሚስከር አሠሪዎች አገሯ እንዳትመለስ አልጋዋ ሥር ያስቀመጡት ነው፣ ወይ ደግሞ ሚስከር ራሷ ደብተራ ቢጤ ዘንድ ሄዳ ያመጣችውና ጥርስ ነው ብላ የዋሸችው። የትኛው እንደሆነ ልትለይ አልቻለችም። ስለዚህ ዘምዘም ውኃ ውስጥ ከታ በየሌሊቱ ቁርኣን ቀርታባታለች። ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነበር፤ ከመግሪብ በኋላ ከሐረሙ ወሰን ወዲያ ወስዳ ልትቀብራት አስባ ነበር።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች ሚስከር።

«ብጠይቅሽ ትዋሺኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሚስከር እጇን ማሰሮው ውስጥ ከተተች። አጥንቷ ከጨው መሐል ወጣች። አቧራዋ ሁሉ ታጥቦ ነጥታለች፣ ወገቧ ላይ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ አምስት ነጠብጣቦች ታይተዋል። ሚስከር ለአፍታ ፍርሃቷን ረስታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደቻት። አምስት ለምን? የሌላኛዋስ ስንት ይሆን? ኢድሪስ ከጣራው ወርዶ በትከሻዋ አሻግሮ አየና ለዚህ ነው ወይ ጫማዬን የቀደድኩት አለ። ከዚያ ሁለቱም መምከር ጀመሩ። ሳሊማ ማታ ቀስ ብለሽ መሳቢያው ውስጥ መልሻት አለች፤ ኢድሪስ ወለል ላይ አገኘኋት በይ፣ ውሸትም አይሆንብሽ፣ አግኝተሻታላ አለ። ሚስከር ግን ማዳም የተናገረችውን ደግማ አሰበች። ዝም ብሎ መመለስ ሌብነትን መፈረም ነው። ወለል ላይ ማለትም ያው ነው፤ ትናንት የጠፋ ዛሬ ማታ የሚገኝበት ወለል የለም። የቀረው ሁሉንም መናገር ነው፤ ሁሉንም ከተናገረች ግን የማሰሮው ነገር አለ። በዚህ አገር ሠራተኛና አጥንትና የተቀራበት ውኃ አንድ ላይ ሲነገር ሰው በድግምት ተከስሶ ወደየት እንደሚሄድ ሦስቱም ያውቃሉ። መግሪብ ተሰገደ። የከቢር መኪና ከታች ሲጠራ ሳሊማ አጥንቷን በመሐረብ ቋጥራ በሚስከር መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን አጠፈችላት።

«የኔንም ንገሪያት» አለች። «እናቷን ዘጠኝ ዓመት ያጠብኩ ሰው ነኝ። ከኔ የተደበቀ እንዳይኖር።»

መኪናው ከከተማው ወጥቶ መንገዱ እስኪለቀቅ ድረስ ሚስከር አልተናገረችም። ከዚያ መሐረቡን በመቀመጫዎቹ መሐል አሳለፈችና ማዳም፣ ይህ በእኔ እጅ ነበር አለች። ከሪታጅ ጥርስ ጀመረች። ዐረብኛዋ ለገበያና ለቤት ሥራ ይበቃታል፤ ለዚህ ግን ቃላት እየጎደላት ቁራን ጥቁር ወፍ፣ ስንጥቅን ትንሽ በር እያለች አሻገረችው። የአክስቷ ማሰሮ ላይ ስትደርስ ከቢር ሬድዮኑን አጠፋ። ማዳም ኢብቲሳም አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም። የስልኳን መብራት አብርታ አጥንቷን መዳፏ ላይ አገላበጠች። የጅዳ መብራቶች ከሩቅ ታዩ። ሚስከር ቁጣውን ጠበቀች፤ የመጣው ግን ጥያቄ ነው።

«ቁራ ለምን?»

ሚስከር አላውቅም፣ እንደዚያ ነው የሚባለው አለች። ማዳም እኛ ልጆች ሳለን ወደ ፀሐይ ነበር የምንወረውረው አለች፤ የአህያ ጥርስ ውሰጂ፣ የሚዳቋ ጥርስ ስጪኝ እንል ነበር። ከቢርም አላስቻለውም፤ በእኔ አገር አይጥ ጉድጓድ ነው አለ፤ የአይጥ ጥርስ ጠንካራ ነው፣ ማዳም። ማዳም የመሳቅ ያህል ትንፋሽ አወጣች። ወዲያው ፊቷ ተመልሶ ጠቆረና ጨው አጥንት ይበላ እንደሆን ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ስለ መክተቡ ምንም አላለችም።

ቤት እንደገቡ ሳሎን ሳታርፍ ወደ ቀሰሞቹ ክፍል ሄደች፤ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ጎትታ፣ እናትየዋን ቀሰም አውጥታ በአጉሊ መነጽር ስንጥቁን አየችው። በጥፍሯ ነካችው፤ ዓምዱ ገለል አለ። ከእጅ ወደ እጅ ያዞርኳት እኔ ነኝ አለች ለራሷ። ቀጥሎ በላይኛው ክፍል ያለችውን ልጅ ወገብ በእርጥብ ጥጥ ጠረገች፤ ነጠብጣቦች ወጡ፣ አራት። ሁለቱም ራሳቸውን አጋጥመው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። አንደኛዋ አራት፣ ሌላዋ አምስት። ማዳም የልጆች ዕድሜ ይሆናል አለች። ሚስከር የመወለድ ተራ ነው፣ ከነዚህ በፊት ሦስት አሉ ማለት ነው አለች። ማዳም ቀና ብላ አየቻት፤ ይህን ሐሳብ ወደደችው። የእሷ ጣቶች እርጅና አግኝቷቸዋል፤ መቆንጠጫውንና የሐር ክሩን ለሚስከር ገፋችላት። ሚስከር ዓምዱን ገለል አድርጋ ልጅቱን ወደ ቦታዋ አስገባች፣ መለሰችው፣ አባቷ የተሰነጠቀ መቃ ሲያስር እንደሚያደርገው አውራ ጣቷን ስንጥቁ ላይ ጫነች። ክሩን ግን ማዞር አልጀመረችም።

«ማዳም» አለች፣ ዓይኗን ከቀሰሙ ሳታነሣ። «ለእህትሽም ንገሪልኝ። ጠዋት ሰምቻለሁ።»

ማዳም ኢብቲሳም አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠች። ነገ እነግራታለሁ አለች። ሚስከር አውራ ጣቷ ስንጥቁ ላይ እንደተጫነ፣ ክሩ በሌላው እጇ እንደተንጠለጠለ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደጎነበሰች ቆየች። ጣቷን አላነሣችም። ማዳም ያንን ጣት አየችው። ስልኳን ከዓባያዋ ኪስ አውጥታ ደወለች፤ እንደ ጠዋቱ ወደ ኮሪደር አልወጣችም። ልጅቱ ተገኘች አለች። ዓምዱ ተሰንጥቆ ነበር፣ ራሴ ነኝ ሳዞራት ያላየሁት አለች። እህቷ የት እንደተገኘች ጠይቃ መሆን አለበት፣ መካ አለችና ትንሽ ፈገግ አለች፤ ረጅም ነው፣ የሚመጣው ዓርብ እነግርሻለሁ። ልትዘጋ ስትል ቆም አለች። ጠዋት ስለ ሚስከር ያልኩት ልክ አልነበረም አለች፣ በዚያው በአስተማሪ ድምፅዋ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች።

ሚስከር ክሩን ዓምዱ ላይ አዞረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ዘጠኝ፣ ዙሩ ከዙሩ ሳይደራረብ። ቋጥራ ትርፉን በመቀስ ቆረጠች። ቀሰሟን አንሥታ ነቀነቀቻት፤ ሁለቱም ተንኳኩ፣ ማንም አልወጣም። ከፈዩ ላይ አስተኛቻትና የላይኛውን መሳቢያ ገፍታ ዘጋችው።